ካርቱም፣ ካዚኖና ቁማር በሕግ ፊት

ካርቱም ውስጥ «ካዚኖ» የሚል ታፔላ አይቶ የገባ ሰው ቁማር ቤት አያገኝም። በሱዳንም በግብጽም ዐረብኛ ካዚኖ ሲባል ብዙ ጊዜ በዓባይ ዳር ወንበር ደርድሮ ሻይና ለስላሳ የሚሸጥ ቤት ነው፤ ቤተሰብ ሙቀቱ በረድ ሲል ነፋስ ሊቀበል የሚወጣበት ቦታ። ሌላው ዓለም ካዚኖ የሚለው፣ ፈቃድ አውጥቶ ሩሌትና ካርታ የሚያጫውት ቤት፣ በሱዳን ሕግ ቦታ የለውም። ስለዚህ በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው ማወቅ ያለበት የትኛው ቤት ፈቃድ እንዳለው አይደለም። ከዕለት ኑሮው ውስጥ ምኑ ቁማር ተብሎ ሊያስከስሰው እንደሚችል ነው። ካርታ፣ የፈረስ ሩጫ፣ እቁብ፣ ኢንሹራንስ፣ የስልክ ሽልማት፣ ከአዲስ አበባ የሚላክ የሎተሪ ዕጣ፣ ሁሉም በየጊዜው ይህን ጥያቄ ያስነሣሉ። በዴምና በጅሬፍ ሰፈሮች ለዓመታት ለኖሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል፤ ያደጉበት አገር የሚፈቅደውን የሚኖሩበት አገር ሊከለክል ይችላልና።

አሁን የሚሠራበት የሱዳን የወንጀል ሕግ የወጣው በ1991 ነው። (ዓ.ም. ከተባለባቸውና ከኢትዮጵያ አዋጅና ደንብ ቁጥሮች በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቁማር የተነሣው በአንቀጽ 80 ነው። ከእሱ በፊት ያሉት አንቀጽ 78 እና 79 ስለ አልኮል መጠጥ ይናገራሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ምክንያት አለው፤ ቁርአንም በአልበቀራና በአልማኢዳ ምዕራፎች መጠጥንና ቁማርን አንድ ላይ ነው የሚያነሣቸው። አንቀጽ 80 የሚይዘው ካርታውን በእጁ ይዞ የተገኘውን ተጫዋች ብቻ አይደለም። የተወራረደውን፣ የቁማር መሣሪያ ወይም ለቁማር የተዘጋጀ ቦታ የያዘውን፣ ቤቱን የሚያስተዳድረውንና ጨዋታውን በሌላ መንገድ የሚያመቻቸውን ሁሉ ይጠቀልላል። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። «እኔ አልተጫወትኩም፤ ጠረጴዛና ቡና ነው ያቀረብኩት» የሚል ባለ ሻይ ቤት፣ ገንዘብ እየተያዘ መሆኑን እያወቀ ካቀረበ፣ ማመቻቸት በሚለው ቃል ሥር ሊወድቅ ይችላል። ከየዙሩ ድርሻ ያነሣ ከሆነ ነገሩ ጭራሽ አያከራክርም።

ሕጉ ሲወጣ ያስቀመጠው ቅጣት እስከ 25 የሚደርስ ግርፋት ነበር። ፕሬዚዳንት ኦማር አልበሺር በ2019 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። በኅዳር ወር 2019 የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕጎች የሚባሉት ተሻሩ፤ ፖሊስ የሴቶችን አለባበስና የሰዎችን ግብዣ ሳይቀር እየፈተሸ ወደ ችሎት የሚያቀርበው በእነዚህ ሕጎች ነበር። በሐምሌ 2020 ደግሞ የሽግግሩ መንግሥት ሰፋ ያለ ማሻሻያ አወጣ፤ ሃይማኖትን መለወጥ የሚያስቀጣው አንቀጽ ተነሣ፣ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ለራሱ መጠጣቱ ወንጀል መሆኑ ቀረ፣ ሁዱድ ከሚባሉት በሃይማኖት የተወሰኑ ቅጣቶች በቀር ግርፋትን ከቅጣት ዓይነት የማውጣት እርምጃ ተወሰደ። ማሻሻያው ግርፋቱን ቢነካም ቁማርን ግን አልፈቀደም።

ከዚህ ተነሥቶ በክርስቲያኖች ዘንድ አንድ ስሕተት ይሰማል፤ «ለመጠጡ ከፈቀዱልን ለቁማሩም ፈቅደዋል» የሚል። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። የመጠጡ አንቀጽ ከ2020 በፊትም ሙስሊሙንና ሙስሊም ያልሆነውን ለይቶ ይናገር ነበር፤ የቁማሩ አንቀጽ እንዲህ ያለ ልዩነት አያደርግም። የተጫዋቹ ሃይማኖት ምንም ሆነ ምን፣ ዜግነቱም የየትም አገር ይሁን፣ ድርጊቱ በሱዳን ምድር ከተፈጸመ የሱዳን ሕግ ይገዛዋል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እንግሊዞች ከግብጽ ጋር ሆነው አገሪቱን ከያዙ በኋላ በ1899 ያወጡት የወንጀል ሕግ መሠረቱ የ1860ው የሕንድ የወንጀል ሕግ ነበር፤ በ1925 ተሻሻለ፣ በ1974 ሌላ ተተካበት። በእነዚህ ዘመናት ቁማር የሚታየው እንደ ጸጥታና እንደ ፈቃድ ጉዳይ ነበር። ለውጡ የመጣው በመስከረም 1983 ነው። ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ ሸሪዓ የአገሪቱ ሕግ መሆኑን ሲያውጁ የአልኮል ጠርሙሶች ካርቱም ላይ ዓባይ ውስጥ ተደፉ፤ ቁማርም ከዚያ ወዲህ ከመንግሥት ፈቃድ ሥር ወጥቶ ወደ ሃይማኖታዊ ክልከላ ተሻገረ። ኒሜሪ በ1985 ቢወድቁም የ1991ዱ ሕግ ያንኑ መንፈስ ይዞ ቀጠለ።

ሕጉ ለቁማር የሚጠቀምበት ቃል «መይሲር» ነው። ቃሉ የመጣው ከእስልምና በፊት ዐረቦች ከሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ግመል ይታረዳል፤ ሥጋው ይመደባል፤ ዐሥር ቀስቶች በከረጢት ይገቡና አንድ በአንድ ይወጣሉ። ሰባቱ እያንዳንዳቸው የተለያየ ድርሻ ያስገኛሉ፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባዶ ቀስት የወጣበት ሰው ሥጋ አያገኝም፤ የግመሉን ዋጋ ግን ይከፍላል። ጨዋታው ደግነት የሚታይበትም ነበር ይባላል፤ አሸናፊው ሥጋውን ለድሆች ያድል ነበርና። ይሁንና የተከለከለው ከነደግነቱ ነው። በኋላ የተነሡት የሕግ ሊቃውንት መለኪያውን ያወጡት ከዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ንብረት ለዕድል ሰጥቶ የአንዱ ትርፍ በቀጥታ ከሌላው ኪሣራ የሚወጣ ከሆነ መይሲር ነው። የምዕራቡ ዓለም ፍርድ ቤቶችም ቁማርን የሚለዩት በሦስት ነገሮች ነው፤ የሚያዝ ገንዘብ፣ ውጤቱን የሚወስን ዕድል፣ ለአሸናፊው የሚደርስ ሽልማት። ሁለቱ አስተሳሰቦች የተነሡበት ቦታ ቢራራቅም በብዙ ጉዳይ ላይ አንድ ቦታ ይደርሳሉ። የሚለያዩት አንደኛው ወገን ቁማር መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ፈቃድ ሊሰጠው ስለሚችል ነው፤ ሌላው አይሰጥም።

በዚህ መለኪያ የካርታው ጥያቄ በቀላሉ ይፈታል። በካርቱም ሰፈሮች ማታ ማታ ኮንካን፣ ዊስትና ዶሚኖ የሚጫወት ሰው ብዙ ነው። ገንዘብ እስካልተያዘበት ድረስ ይህ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። አንዳንድ ጥብቅ የሃይማኖት መምህራን ዳይስ መወርወርን ያለ ገንዘብም ይነቅፉታል፤ ያ ግን የሃይማኖት ምክር ነው፤ የአንቀጽ 80 ጉዳይ ገንዘቡ ነው። «የተሸነፈ ሻይ ይጋብዝ» የሚለው የተለመደ ውርርድ ግን በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነው። ዳኛ ፊት የሚቀርብበት ዕድል አነስተኛ ቢሆንም በመለኪያው ሲታይ ሻይም ንብረት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ውርርድ የሚለው ቃል እንዲህ ያለ ነቀፌታ አይሰማበትም። በቀድሞው የኢትዮጵያ ችሎት ተሟጋቾች ቃላቸው እውነት ስለመሆኑ በፈረስ፣ በበቅሎ ወይም በማር ይወራረዱ ነበር፤ ዛሬ ክርክርን «እሰጥ አገባ» የምንለው ከዚያው የሙግት ልማድ የቀረ ነው። ውርርድ የሙግት ሥርዓት አካል ከነበረበት አገር ወጥቶ ውርርድ በራሱ ወንጀል ወደሆነበት አገር የሄደ ሰው ልዩነቱን በቶሎ ላያስተውለው ይችላል።

ፈረስ ግን በእስልምና ሕግም የተለየ ቦታ አለው። በነቢዩ ሙሐመድ ትውፊት መሠረት በፈረስ፣ በግመልና በቀስት ውርወራ ውድድር ሽልማት ማድረግ ተፈቅዷል፤ ለጦርነት ያዘጋጃሉና። ካርቱም የፈረስ ሩጫ የለመደች ከተማ መሆኗ ከሕጉ ጋር የማይጋጨውም ለዚህ ነው። ሽልማቱን መንግሥት፣ ክበብ ወይም ባለ ሀብት ከራሱ አውጥቶ ቢሰጥ ችግር የለም። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው አሸናፊው ጠቅልሎ የሚወስድ ከሆነ ብዙዎቹ ሊቃውንት ቁማር ይሉታል፤ ምንም ያላዋጣ ሦስተኛ ተወዳዳሪ ሲገባ ግን የሚፈቅዱ አሉ። ዳር ቆሞ «ነጩ ፈረስ ይቀድማል» ብሎ ገንዘብ የሚያስይዘው ተመልካች በማንኛውም አስተያየት አይፈቀድለትም። እሱ አይጋልብም፣ ፈረስ አያሠለጥንም፤ የሚያደርገው የሌላውን ሰው ገንዘብ መጠበቅ ብቻ ነው።

እቁብ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ኢትዮጵያውያን በሄዱበት ሁሉ እቁብ ይጥላሉ፤ ሱዳኖችም የራሳቸው አላቸው፤ «ሰንዱቅ» ወይም «ኸታ» ይሉታል። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፤ በየወሩ ዕጣ ይወጣል፤ የወጣለት የዚያን ወር መዋጮ በሙሉ ይወስዳል። ዕጣ አለበት፣ ገንዘብ አለበት፣ የሚደሰትና የሚከፋ ሰውም አለበት። ታዲያ ቁማር ያልሆነው ለምንድን ነው? ማንም ምንም ስለማያጣ ነው። በዐሥራ ሁለተኛው ወር መጨረሻ ሁሉም የጣለውን ያህል አግኝቷል። ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ እንጂ ማን እንደሚወስድ አይደለም። ቀድሞ የደረሰው ከጓደኞቹ ያለ ወለድ እንደ ተበደረ፣ ኋላ የደረሰው እንዳበደረ ይቆጠራል።

ችግር የሚመጣው ዕጣ ሲሸጥ ነው። ለሕመምተኛ መታከሚያ የቸገረው ሰው የሌላውን ዕጣ ለመግዛት ከሚደርሰው ላይ ቀንሶ ይተውለታል። ይህም ቁማር አይደለም፤ ነገር ግን ዛሬ ጥቂት ወስዶ ነገ ብዙ መክፈል ስለሚሆን በእስልምና ሕግ የሌላውን ትልቅ ክልከላ፣ የወለድን፣ ጥያቄ ያስነሣል። ሱዳን የባንክ ሥርዓቷን ከወለድ ውጭ ያደረገች አገር ስለሆነች ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እቁብ በልቶ የጠፋ ሰውን በተመለከተ ዕዳው እውነተኛ ዕዳ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሊጠየቅ ይችላል። ለዚህ ግን የእቁቡ ጸሐፊ የያዘው መዝገብ፣ ስምና ፊርማ ያለበት፣ መኖር አለበት። በቃል ብቻ የሚጣል እቁብ ክርክር ሲነሣ ከቁማር ገንዘብ የሚለይበትን ማስረጃ ያጣል። በባዕድ አገር እቁብ የሚመራ ዳኛ ሊያስብበት የሚገባው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ይኸው መለኪያ ማንም ባልጠበቀው ቦታ ካርቱምን በዓለም ታሪክ ውስጥ አስገብቷታል፤ በኢንሹራንስ። ተራ ኢንሹራንስ ምንድን ነው? አንድ ሰው ለመኪናው በየዓመቱ ዓረቦን ይከፍላል። አደጋ ካልደረሰበት የከፈለው ለኩባንያው ቀረ፤ አደጋ ከደረሰበት ከከፈለው እጅግ የሚበልጥ ይቀበላል። የሚሆነውን ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ የአንዱ ወገን ጥቅም የሌላው ጉዳት ነው። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ብዙዎቹ ይህን ከመይሲር ጋር አመሳሰሉት። የሚቃወሙበት ሌላው ቃል «ገረር» ነው፤ በውል ውስጥ ያለ ከመጠን ያለፈ አለመታወቅ ማለት ነው፤ ገና ያልተያዘ ዓሣ ወይም የጠፋ ግመል መሸጥ የተለመዱ ምሳሌዎቹ ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በዘመናችን ከተጻፉት ትልልቅ ጥናቶች አንዱን የጻፉት በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተማሩት ሱዳናዊው ሊቅ አስሲዲቅ ሙሐመድ አልአሚን አድደሪር ናቸው። ገረር በውሎች ላይ ስላለው ውጤት የጻፉት መጽሐፍ በ1967 ታተመ፤ በ1990 የንጉሥ ፋይሰልን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ጥያቄው በመጽሐፍ አልቀረም። በ1977 የተቋቋመው የሱዳን ፋይሰል እስላማዊ ባንክ ንብረቱን መድን ማስገባት ነበረበት፤ ሕጋዊ ነው የሚለው መድን ግን አልነበረም። ስለዚህ በ1979 ካርቱም ውስጥ እስላማዊ ኢንሹራንስ ኩባንያ ተመሠረተ፤ በዓለም የመጀመሪያው የተካፉል ኩባንያ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

የተካፉል መፍትሔ ለእድር አባል እንግዳ አይደለም። ደንበኛው የሚከፍለው ገንዘብ ለኩባንያው የሚሸጥ የዋስትና ዋጋ መሆኑ ይቀርና አባላቱ ለችግር ጊዜ ለሚረዳዱበት ሣጥን የሚሰጡት ስጦታ ይሆናል። ጉዳት የደረሰበት ከሣጥኑ ይካሳል። በዓመቱ መጨረሻ የተረፈው ለአባላቱ ይመለሳል ወይም ይያዝላቸዋል። ኩባንያው ሣጥኑን የሚያስተዳድር ወኪል ስለሆነ አደጋ ባለመድረሱ የሚያተርፈው ነገር የለም። ሰው ለእድሩ በየወሩ ሲከፍል ለቅሶ ሳይደርስበት ዓመት ቢያልፍ «ተበላሁ» አይልም፤ የጎረቤቱን ሬሣ ቀብሮበታልና። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በሱዳን የሚሠሩ ኢንሹራንሶች ሁሉ በዚህ መንገድ እንዲሠሩ ተደርጓል። ስለዚህ ካርቱም ውስጥ ለመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን የገባ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ከመይሲር ክርክር የተወለደ ውል ነው በእጁ የያዘው።

የምዕራቡ ሕግም ቢሆን በዚህ መንታ መንገድ አልፏል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች በማያውቁት ሰው ሕይወት ላይ የሕይወት መድን እየገቡ፣ ታዋቂ ሰው ሲታመም በሞቱ ላይ ይወራረዱ ነበር። ፓርላማው በ1774 ባወጣው ሕግ መድን የሚገባው ሰው መድን በተገባለት ሕይወት ላይ እውነተኛ ጥቅም ሊኖረው ይገባል አለ። መድንን ከቁማር የለየው ያ ሕግ ነው።

በሸቀጥና በስልክ መልእክት የሚቀርቡ ሽልማቶችም ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ የሚታየው ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ነው። ሱቁ ለማስታወቂያ ብሎ ከራሱ ኪስ መኪና አዘጋጅቶ፣ ዕቃ በተለመደው ዋጋ ለገዙት ዕጣ ቢያወጣ፣ ገዢው ላወጣው ገንዘብ ዕቃውን አግኝቷል፤ ያጣው ነገር የለም። ከተለመደው ታሪፍ በላይ የሚያስከፍል መልእክት እየላኩ የሚሳተፉበት ሽልማት ግን ሌላ ነው፤ መኪናው የሚገዛው ከተሸናፊዎቹ መልእክት በተሰበሰበው ገንዘብ ነው፤ የተሳታፊውም ምኞት ዕጣው ብቻ ነው። የእስልምና ሕግ አካዳሚዎች ይህን ሁለተኛውን ከቁማር ይቆጥሩታል። ሎተሪም በዚያው ምድብ ውስጥ ነው፤ ገቢው ለትምህርት ቤት ወይም ለሆስፒታል መዋሉ፣ ልክ እንደ ጥንቱ የግመል ሥጋ፣ አያድነውም።

ብዙ ቤተሰብ የሚፈርስበት ጥያቄ የዕዳው ነው። በቁማር የተበላ ሰው ያልከፈለውን ለመክፈል ይገደዳል? የብዙ አገሮች ሕግ መልስ አይገደድም የሚል ነው። በእንግሊዝ ከ1845 ጀምሮ የቁማር ዕዳ በፍርድ ቤት አይጠየቅም ነበር፤ ያ ደንብ የተነሣው የ2005ቱ የቁማር ሕግ በ2007 ሥራ ላይ ሲውል ነው። የግብጽ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 739 ስለ ቁማርና ውርርድ የሚደረግን ስምምነት ፈራሽ ያደርጋል፤ እንዲያውም የተበላው ሰው የከፈለውን በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1716 ሕገ ወጥ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ በሆነ ጉዳይ ላይ የተደረገ ውል ፈራሽ ነው ይላል። በሱዳን ደግሞ ድርጊቱ ራሱ ወንጀል ስለሆነ አሸናፊው «ያሸነፍኩትን አስከፍሉልኝ» ብሎ ቢከስ ራሱን እንደ መወንጀል ነው።

በተግባር ግን ቁማርተኛ ዕዳውን ቁማር ብሎ አይጽፈውም። «ተበድሬአለሁ» ብሎ ያስፈርማል፤ ወይም ቼክ ያስጽፋል። በሱዳን አደገኛው ይህ ቼክ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 179 በቂ ገንዘብ የሌለውን ቼክ መስጠትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ከዚህ በላይ ደግሞ ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ሰው እስር ቤት የሚቆይበት አሠራር አለ፤ የሱዳን እስር ቤቶች በዚህ ምክንያት የገቡ ነጋዴዎችን በብዛት ይዘው ኖረዋል። አንቀጹ ቼኩ ለአንድ ግዴታ መወጫ ወይም በለውጥ የተሰጠ መሆኑን ስለሚጠይቅ ተከሳሹ «ቼኩ የቁማር ነው፤ ከኋላው ሕጋዊ ግዴታ የለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ነገር ግን ይህን ሲል ቁማር መጫወቱን ማመኑ ነው፤ ምስክሮቹም አብረውት የተጫወቱት ናቸው። ከአንዱ አንቀጽ ሲያመልጥ ሌላው ይጠብቀዋል። በቁማር ጠረጴዛ ላይ ቼክ ወይም የብድር ወረቀት መፈረም ከተበላው ገንዘብ በላይ ነጻነትን ማስያዝ ነው፤ ከዚህ የከፋ ኪሣራ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የለም።

የዛሬው ካዚኖ ስልክ ውስጥ ነው። ሱዳን ከ1997 እስከ 2017 በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ስለነበረች ዓለም አቀፍ የባንክ ካርዶች አገሪቱ ውስጥ አይሠሩም ነበር፤ ካርቱም ያለ ሰው በውጭ አገር የቁማር ድረ ገጽ ላይ በቀጥታ መክፈል ይቸግረው የነበረውም ለዚህ ነው። የተለመደው መንገድ በሌላ አገር ባለ ዘመድ በኩል ማስያዝ ነው። ኢትዮጵያዊውም አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ ደውሎ «ለእኔም አንድ ቲኬት ቁረጥልኝ» ይለዋል። ወንድሙ በኢትዮጵያ ሕግ ፈቃድ ካለው አቋማሪ ድርጅት እስከ ገዛ ድረስ ምንም አላጠፋም። ካርቱም ያለው ግን ተወራርዷል፤ ገንዘብም ልኳል። የአዲስ አበባው ፈቃድ ድንበር አይሻገርም።

የኢትዮጵያው መንገድ እንዴት እንደተለየ በአጭሩ መናገር ይቻላል። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በንጉሡም በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን ሳይቋረጥ ዕጣ አወጣ። አዋጅ ቁጥር 535/1999 አስተዳደሩን እንደገና አቋቁሞ ሎተሪ የማጫወትና ለሌሎች ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን አጸናለት፤ ደንብ ቁጥር 160/2001 ዝርዝሩን አወጣ። በየሰፈሩ የተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች፣ ወጣቱ «ቤቲንግ» የሚላቸው፣ የሚሠሩት በዚህ የፈቃድ ሥርዓት ነው። መንግሥትም ድርሻውን ይወስዳል፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ በዕድል ጨዋታ ከተገኘ ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ከ1,000 ብር በታች ያለውን ነጻ አድርጎ። ፈቃድ መኖሩ ግን ጉዳት የለም ማለት አይደለም። የቀን ሠራተኛው ደሞዝ ከሰዓት በኋላ ውርርድ ቤት ገብቶ ሲቀር የሚያስከስስ ነገር የለም፤ ቤት የሚጠብቁት ልጆች ግን ራት አጥተዋል። በዚህ ረገድ የካርቱም ሕግ የፈራው ነገር እውነት መሆኑን መካድ አይቻልም።

ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ከፈነዳ በኋላ ብዙ ሱዳናዊና በካርቱም ይኖር የነበረ ብዙ ኢትዮጵያዊ ወደ ካይሮ ሸሽቷል። እዚያ የሚያጋጥመው ሕግ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በግብጽ በትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ እውነተኛ ካዚኖዎች አሉ፤ ከ1973 ጀምሮ ግን የሚገባባቸው የውጭ ዜጋ ብቻ ነው፤ በር ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል፤ ግብጻዊው አይገባም። ሞናኮም የራሷን ዜጎች በዝነኛው የሞንቴ ካርሎ ካዚኖ እንዳይጫወቱ ትከለክላለች። ሁለቱም ቁማር ጎጂ መሆኑን አምነው ጉዳቱን ለእንግዳ ትተውታል፤ ይህ ለሕግ አውጪ የሚያኮራ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሠሩባቸው የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ደግሞ በ2023 የቁማር ተቆጣጣሪ ባለ ሥልጣን ተቋቁሞ በ2024 በራስ አልኸይማ ለሚሠራ የመጀመሪያው ካዚኖ ፈቃድ ተሰጥቷል። ፈቃዱ ለድርጅቱ የተሰጠ ነው፤ በየመኝታ ክፍሉ በሠራተኞች መካከል የሚደረገውን የካርታ ቁማር አይሸፍንም።

ወደ ካርቱም ስንመለስ፣ እዚያ በቁማር ተጠርጥሮ የተያዘ የውጭ አገር ሰው መብቶች አሉት፤ ብዙዎቹ ግን ካልጠየቃቸው አይመጡለትም። ጠረጴዛው ላይ የተገኘው ገንዘብና ካርታ በኤግዚቢትነት ይያዛል፤ ስለዚህ የእቁብ ወይም የሌላ ሰው ገንዘብ አብሮ ከነበረ ወዲያውኑ መናገርና በቃሉ ውስጥ ማስጻፍ ያስፈልጋል። የሚሰጠው ቃል የሚጻፈው በዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛ መናገር የሚችል ሰው ሁሉ ማንበብ ይችላል ማለት አይደለምና ሳይነበብለትና ሳይተረጎምለት ባይፈርም ይሻለዋል። በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት ፖሊስ ለተያዘው ሰው የአገሩን ቆንስላ የማስጠራት መብት እንዳለው ሊነግረው ይገባል። መንግሥቱን ሸሽቶ የመጣ ስደተኛ ግን ኤምባሲው እንዲያውቅ ላይፈልግ ይችላል። ስምምነቱ ቆንስላ የሚጠራው ተያዡ ራሱ ሲጠይቅ ነው ስለሚል እንቢ ማለት ይችላል፤ በምትኩ የስደተኝነት መታወቂያውን አሳይቶ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እንዲያውቅለት መጠየቅ አለበት። ሱዳን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት በ1974 ተቀብላለች፤ በአንድ የካርታ ጨዋታ የተያዘ ስደተኛ ወደ ሸሸው አደጋ እንዳይመለስ የሚከራከርለት ሕግ ይኸው ነው።